«አጸዳንልዎት» አሉኝ

ጻፊ እንግዲህ። የማንንም ስም አታስገቢ። አባትሽ መጥቶ «እማዬ፣ ይሄን ተይው፣ አልፏል» ቢልም እንዳትሰሚው። ያለፈው ለእሱ ነው። እኔ አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

አክስትሽን አላወቅሻትም። የአባትሽ ታላቅ ናት፣ የመጀመሪያ ልጄ። አዲስ አበባ ታማ ሞተችብኝ። አባትሽ ወደዚህ ወደ ለንደን ያስመጣኝ ከዚያ በኋላ ነው። ፎቶዋን ሳሎን አይተሻል። ፎቶ ግን አይናገርም። እሷ ደግሞ መናገር ነበር ሥራዋ። ስትስቅ ከጎረቤት ይሰማል። ሰው ስታስመስል አስመሳይዋን ትተሽ ያንኑ ሰውዬ ያየሽ ይመስልሻል። ቄሱን፣ የቀበሌውን ሊቀመንበር፣ እኔን ራሴን ሳይቀር። ስትናገር «ዝም በይ» እላት ነበር፣ ቀን በቀን። አይ እኔ።

በደርግ ጊዜ በቴሌቪዥን የሚመጣ አንድ ተከታታይ ድራማ ነበር። አንዲት ልጅ የጠፋ አባቷን ስትፈልግ፣ ስትፈልግ የሚውል ድራማ ነው። በሰፈሩ ቴሌቪዥን ያለው ቤት አንድ ሁለት ቢሆን ነው፣ አንዱ የእኛ። ድራማው ያለ ቀን መንደሩ እኛ ቤት ይገባል። አልጋው ላይ፣ መሬት ላይ፣ በሩ ላይ ሳይቀር ሰው ነው። እኔ ከወዲህ ወዲያ እላለሁ፣ ለሰው ውሃ አቀርባለሁ።

ወንድሜ ደግሞ ሠርግ በቪዲዮ እየቀረጸ ነበር የሚተዳደር። የመጨረሻው ክፍል የሚታይ ቀን ካሜራውን ይዞ መጣና «ይሄን ማስቀረት አለብን» አለ። ከቴሌቪዥን ላይ በገመድ የሚቀዳበት ዕቃ የለውም። ምን አደረገ፣ ካሜራውን ዱካ ላይ ተከለና ቴሌቪዥኑን እንደ ሙሽራ ፊት ለፊት ቀረጸው። እንግዲህ ካሜራ ጆሮ አለው። ድራማውንም ቤቱንም አብሮ ያዘ። የልጆቹን ሳል፣ የሰዉን «ኧረ ዝም በሉ»፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ አክስትሽን። ከድራማው ሰዎች ጋር ስትጨቃጨቅ፣ ስትስቅ፣ ስትሳደብ። የልጄ ድምፅ በዚያ ካሴት ላይ ብቻ ነው ያለው። ሌላ የትም የለም። ይሄን ያዥልኝ።

ወደዚህ ስመጣ ካሴቱን ሻንጣ ውስጥ አልከተትኩትም፣ በነጠላ ጠቅልዬ በእጄ ነው የያዝኩት። ክላፋም የሚባል ሰፈር አባትሽ ቤት ገባሁ። እሱ ሥራ ሲሄድ በሩን ቆልፌ ካሴቱን አስገባለሁ። ድራማውን አላይም። ዓይኔን ጨፍኜ እሷን እሰማለሁ።

ኋላ አባትሽ ኮምፒዩተር ገዛ። ያኔ በስልክ መስመር ነበር የሚሠራ፤ ሲከፍተው እንደ ታመመች ፍየል ይጮሃል፣ ከዚያ ስልኩን ይይዝብናል። ሰው ከአገር ቤት ቢደውል አይገባም። «እዚያ ውስጥ ምን አለህ?» ስለው «ሰዎች አሉ እማዬ» አለኝ። አሜሪካ፣ ስዊድን፣ ጀርመን ያሉ የእኛ ሰዎች። አይተዋወቁም። ተሰብስበው የሚያወሩት ስለ ድሮ የቴሌቪዥን ድራማ ነው! ማን የትኛው ክፍል አለው፣ ማን ምን ሆኖ ሠራ፣ ያቺ ክፉዋ ሴትዮ ስታለቅስ እንባዋ እውነት ነበር ወይ። አማርኛውን በእንግሊዝ ፊደል ይጽፉታል። አባትሽ ያነብልኛል። አልዋሽሽም፣ መጀመሪያ ደስ ይለኝ ነበር። ሰፈር የመጣልኝ መሰለኝ።

ያንን የልጅቷንና የአባቷን ድራማ ሁሉም ይፈልገዋል፤ መጨረሻውን ግን የያዘ የለም። አገር ቤትም ፈልገው አላገኙትም ይባላል። አንድ ቀን አባትሽ ፊቱ በርቶ መጣና፣

«እማዬ፣ እኛ ጋ አለ ብዬ ጻፍኩላቸው» አለኝ።

«ምን አልክ?»

«የመጨረሻውን ክፍል። ካሴቱን።»

«የማንን ካሴት?»

በቃ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ አባትሽ ነገሠ። ከአሜሪካ ይደውሉለታል፣ «ጌታዬ፣ ባለውለታችን» ይሉታል። እዚሁ ለንደን፣ ክሮይደን የሚባል ሰፈር አንድ ሰው ነበራቸው፣ ኮፒ የሚያደርግላቸው። ሕጋቸው እንደዚያ ነው፦ ካሴት ያለው ሰው ለእሱ ይልካል፣ እሱ አባዝቶ ለየአገሩ ያዳርሳል፣ ዋናው ለባለቤቱ ይመለሳል። «አንድም ጠፍቶ አያውቅም» ይለኛል አባትሽ። እምቢ አልኩ። ለመነኝ። በቁርስ ይለምነኛል፣ በራት ይለምነኛል።

«እማዬ፣ ኮፒ እኮ ነው። ፎቶ ቢያነሱሽ ምን ይቀነስብሻል?»

ወሰደው።

እነዚያ ለንደን ያሉት ክሮይደን ሰውዬው ቤት ተሰብስበው አዩት። በማግስቱ ስላዩት ይጻጻፋሉ። አባትሽ የጻፉትን በደስታ ቶሎ ቶሎ ያነብልኛል፣

«ምስሉ ደህና ነው፣ እግዜር ይስጥልን። ግን አንዲት ለፍላፊ ሴት አለች፣ ድራማውን አላስሰማ አለችን። አፏን የሚይዝላት ዘመድ የላትም ወይ? ሌላው ደግሞ ምን ይላል፣ የጠላ ቤት ሴት ሳትሆን...»

ቀጥ አለ።

«አንብብ» አልኩት።

«በቃ፣ ይኸው ነው።»

«አንብብ አልኩህ!»

«እየቀለዱ ነው እማዬ። ማን እንደሆነች አያውቁም እኮ።»

«እንዲያውቁ ንገራቸዋ! እህቴ ናት በል። ሞታለች በል። አሁን ጻፍ።»

«እሺ፣ እጽፋለሁ» አለ። የኮምፒዩተሩን ቁልፎች ቀጭ ቀጭ አደረገ፣ እኔም ጻፈ ብዬ ዝም አልኩ።

ካሴቱ አይመጣም። «የት ደረሰ?» ስለው «እየተሠራ ነው» ይለኛል። ኮፒ ለማድረግ ምን ሥራ አለው? አንድ ቅዳሜ ካፖርቴን ለበስኩና «እኔ ክሮይደን ሄጃለሁ» አልኩት። መንገዱን አውቀዋለሁ። የመኖሪያ ወረቀቴ ነገር እስኪያልቅ ስንት ቀን ኢሚግሬሽን ቢሮው ደጃፍ በብርድ ተሰልፌያለሁ እዚያ። ጫማውን እያሰረ ተከተለኝ። ባቡሩ ውስጥ «ሰውየውን እንዳትቆጪው እማዬ፣ ጥሩ ሰው ነው» ይለኛል።

ጥሩ ሰው ነው፣ አዎ። ከሱቅ በላይ ያለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው የሚኖር፣ ግድግዳው በሙሉ ካሴት ነው፣ አልጋው ራሱ ካሴት መሐል ነው የተዘረጋ። ሲያየኝ ብድግ ብሎ ጎንበስ አለ።

«እማማ ይግቡ፣ ይግቡ። ምን ልታዘዝ? ሻይ ላፍላልዎት?»

«ካሴቴን።»

«አለ፣ አለ! እንዲያውም ላስደንቅዎት ነው። ይቀመጡ።»

አስገባው። ድራማው ጀመረ። የተዋንያኑ ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማል። ሳል የለም። «ዝም በሉ» የሚል የለም። ጠበቅሁ። እሷ የምትስቅበትን ቦታ እኔ በቃሌ አውቀዋለሁ። ቦታው መጣ። አለፈ። የምትሳደብበትም መጣ፣ አለፈ።

«የታለች?» አልኩት።

«ማን እማማ?»

«ልጄ።»

አልገባውም። ፈገግ እንዳለ ነው። «አጸዳንልዎት እኮ! ያ ጫጫታ ሁሉ ወጥቷል። ስዊድን ያለ ወንድማችን ያኔ ከቴሌቪዥኑ በገመድ የቀዳው የድምፅ ካሴት ነበረው። እሱን አምጥቼ በላዩ ላይ አስገባሁበት። እንዴት እንደለፋሁ አይጠይቁኝ!»

አባትሽ ፊቱ አመድ መሰለ። «በኮፒው ላይ ነው አይደል?» አለው።

«አይ፣ በኮፒው ላይ ብሠራው ምስሉ ይደበዝዛል። በዋናው ላይ ነው፣ ገና ሳላባዛው። ምስሉን አልነካሁትም፣ ድምፁን ብቻ ነው የለወጥኩት።»

ድምፁን ብቻ! ሰማሽ?

«አንተ ልጅ» አልኩት፣ «እኔ አንድ ጊዜ ቀብሬያት ነበር። አንተ ደገምካት።»

«እማማ ምን ሆኑ? ማንን ነው የሚሉ?»

«ለፍላፊ ያላችኋትን ነዋ! የጠላ ቤት ሴት ያላችኋትን! ልጄ ናት። የዚህ የቆመው እህት ናት። ሞታለች።»

ሰውየው ወደ አባትሽ ዞረ። «ወንድሜ፣ ለምን አልነገርከኝም? እኔ ተቀጥላ የገባች ጎረቤት መስላኝ! ቢነገረኝ ኖሮ እጄን አነሳባት ነበር?»

አባትሽ ምንጣፉን ያያል።

አልጻፈም ነበር። ገባሽ? ፊቴ ቁጭ ብሎ ቁልፉን ቀጭ ቀጭ ያደረገው ለእኔ ማታለያ ነው። ሰዎቹ «ለፍላፊ» እያሉ ሲስቁባት «የእኔ እህት ናት» ማለት አፈረ። ጌታዬ ያሉት ሰው እህቱ የጠላ ቤት ሴት ስትባል ዝም አለ። ይሄን ጻፊው። አታለሳልሺው። አባትሽ ነው፣ ልጄም ነው፣ ግን ጻፊው።

በባቡሩ አላናገርኩትም። ቤትም ስንገባ አላናገርኩትም። ያን ጊዜ ነው ደንግጦ ለሰዎቹ የጻፈ፤ እሱንም ቢሆን፣ ኋላ እንዳነበበልኝ፣ «የካሴቱ ባለቤት ቅር ብሏታል» ብሎ ነው እንጂ እህቴ አላለም። እነሱም ተያያዙ። አንዱ ዋናውን መንካት ነውር ነው ይላል፣ አንዱ ባይጸዳ ማን ያየው ነበር ይላል። ሌላው ተነስቶ ያ ድራማ ድሮም የደርግ ፕሮፓጋንዳ ነው አለ። ከዚያ በዘር ተሰዳደቡ፣ የማን አባት ማንን አሳሰረ ተባባሉ። እኔ ስለ ልጄ ድምፅ ብጠይቅ ስለ መንግሥት መለሱልኝ። ሲደክማቸው ደግሞ ሌላ ድራማ ፍለጋ ሄዱ።

አንድ ቀን ብቻዬን ስሆን፣ ምናልባት ብዬ ካሴቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ልሰማው ተቀመጥኩ። ንጹሕ ነው። የሆስፒታል ንጹሕ። ልጅቷ አባቷን የምታገኝበት ቦታ ላይ፣ ሁለቱ ዝም ብለው ሲተያዩ፣ ድምፁ ቀጭ አለና ቤታችን ገባ። ዱካ ሲጎተት፣ ሕፃን ሲያለቅስ፣ ከዚያ እሷ፣

«እማዬ ጋርደሽኛል! ዞር በይልኝ እንጂ! ደግ ደጉ ሲመጣ አንቺ ትቆሚያለሽ!»

ቀጭ። ተመልሶ ንጹሕ።

ሌላ የለም። ደጋግሜ አየሁት፣ ሌላ የለም። ከዚያ ሁሉ ሳቋ፣ ከዚያ ሁሉ ጨዋታዋ የተረፈኝ እኔን የተቆጣችው ነው። እሱም ቢሆን ተገኘ ብዬ ሳለቅስ ቆየሁ።

ብዙ ሳይቆይ አንድ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ፣ የክሮይደኑ ሰውዬ ሳሎን ተቀምጦ አገኘሁት። ብርቱካን ገዝቶ ይዟል። ተነስቶ ጉልበቴን ሊስም አለ፣ ከለከልኩት። ይቅርታ ጠየቀኝ፣ ደህና አድርጎ ነው የጠየቀኝ። ልቤ ሊራራ ሲል፣

«እማማ፣ አንዲት ነገር ደግሞ ላስቸግርዎት ነበር» አለ።

«ምን?»

«ካሴቱ ላይ አንድ የተበላሸ ቦታ ቀርቷል። የስዊድኑ ሰውዬ ያኔ ሲቀዳ ካሴቱን ወደ ሌላው ፊት ሲያዞር ያመለጠችው ናት፣ ለዚያ ነው እዚያ ላይ የድሮው ድምፅ እንዳለ የቀረው። ሰዎች እያማረሩ ነው፤ አባትና ልጅ ሲገናኙ፣ እዚያ ላይ... አሁን ያቺን ቁራጭ ጀርመን አግኝተናታል። ዋናውን ከሰጡኝ ቶሎ ሠርቼ...»

ሄጄ ካሴቱን አስገባሁና ቦታውን አሰማሁት። «ጋርደሽኛል፣ ዞር በይልኝ!»

ባርኔጣውን በእጁ ያዞራል። «እሷ ናት?»

«እሷ ናት።»

ከዚያ ምን ቢል ጥሩ ነው? «እንግዲያው እማማ፣ ይቺን ለብቻዋ በሌላ ካሴት ላወጣልዎት እችላለሁ። ዋናው ግን ቢጸዳ ነው የሚሻል። የታሪክ ነገር ነው።»

«ታሪክ? የማን ታሪክ?»

«የሁላችንም...»

«ለስንት አገር ልከኸዋል?»

«ብዙ ነው። የጠየቀ ሁሉ አግኝቷል።»

«በሁሉም ላይ ይቺ ድምፅ አለች?»

«አለች። ለዚያ እኮ ነው የሚያማርሩት።»

«ያማርሩ!» አልኩት። ካሴቱን አውጥቼ ነጠላዬ ሥር አደረግሁት። «ከእጄ የምትወስደው ስሞት ነው። ሂድና ንገራቸው። ለፍላፊ ብለዋታል አይደል? ደግ ደጉ ሲመጣ ዞር በሉ ትላቸዋለች። በየአገራቸው ይስሟት።»

ወጣ። አባትሽ ሊሸኘው ተከተለው፣ በሩ ገርበብ ብሎ ነበርና እሰማለሁ። ደረጃው ላይ ይቅርታ ይጠይቀዋል! «እናቴ እንዲህ ናት፣ አትቀየማት» ይለዋል። ሲመለስ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅሁት።

«ያንን ማሽን ክፈት።»

«እማዬ፣ ነገ...»

«ክፈት! እኔ እዚህ ቆሜ፣ አሁን ትጽፋለህ።»

ከፈተው። ጮኸ፣ ጮኸና ዝም አለ። አባትሽ ቁልፎቹን እያየ ተቀመጠ። ጆሮው ቀልቷል፣ ትልቅ ሰውዬ ሆኖ። ከዚያ መጻፍ ጀመረ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደዚያን ቀን አይደለም።

«አንብብልኝ።»

«ካሴቱ አይጸዳም» ብሎ አነበበ። «በዚያ ቦታ ላይ የምትሰሟት...» ጉሮሮውን ጠረገ። «የምትሰሟት ሴት እህቴ ናት። ታላቄ ናት። ሞታለች። ቀድሜ መናገር ነበረብኝ።»

እኔ ፊደል አልለይም። ያነበበልኝን ጽፎ እንደሆነ፣ ሌላ ጽፎ እንደሆነ፣ እሱና እግዜር ያውቃሉ። ብቻ «ላክ» አልኩት፤ «ላክሁት» እስኪለኝም ከአጠገቡ ንቅንቅ አላልኩም።