ኬሎው የነበረበት ቦታ

ትናንት ጠዋት ሮቤ፣ የአባቴ መቃብር አጠገብ ቆሜ በራሴ እየኮራሁ ነበር። ሙት ዓመቱ ደርሷል፣ ዘመድ ከጎባ ይመጣል... ዙሪያው ደግሞ ጥርት ብሏል።

እንዴት አጸዳሁት? ያው የባሌ ስንዴ ገበሬ አረም ካየ እጁን ይበላዋል። ነሐሴ ላይ ማሳዬን ረጭቼ ስጨርስ የአረም መድኃኒት ተረፈኝ። «ከሚደፋ» ብዬ መርጫውን እንዳዘልኩ ሄጄ የአባቴንም የጎረቤቶቹንም መቃብር ዙሪያ አርከፈከፍኩበት። መድኃኒቱ ሣር አይነካም፤ ቅጠለ ሰፊውን ነው የሚጨርሰው።

ትናንት እዚያው ቆሜ ሳለ አንዲት እናት መቃብሮቹ መሃል ጎንበስ ቀና ይላሉ።

«አካም ቡልተኒ፣ እማማ? ምን ጠፋዎት?»

«አንተ ልጄ፣ ኢልማ ኮ። ሴት ልጄ ጠፋችብኝ።»

ኑሯቸው ሩቅ፣ አንገቱ የሚባል ከተማ ነው። ልጃቸውን እዚህ ከቀበሩ ዓመታት አልፈዋል፤ የሚመጡት በዓመት ሁለቴ ነው።

«ድንጋይ ላቆምላት አልቻልኩም። የእንጨት መስቀሏም በስብሶ ወደቀ። ምልክቴ ኬሎ ነበር። በየኅዳሩ ዘሩን እበትንላታለሁ፣ በመስከረም እሷ ያለችበት ቢጫ ይሆናል። ዘንድሮ ምን ነካው?»

ኬሎ እናንተ አደይ አበባ የምትሉት ነው። እኔ ደግሞ አረም ያልኩት።

«ዝናቡ ይሆናል» አልኳቸው። ቀጣፊ!

ሣሩን በመዳፋቸው እየዳበሱ «ከጥዱ ወዲህ ነበረች... ወይስ ወዲያ? እኔ እናቷ እንዴት ይጠፋኛል? ያ ዋቃዮ፣ አምላኬ!» ብለው ማልቀስ ጀመሩ።

አላስቻለኝም። እጄን ዘረጋሁና «እዚህ ጋ ነው፣ እማማ። አምና ቢጫ ሆኖ አይቼዋለሁ» አልኳቸው።

አምና ምንም አላየሁም። ዝም ብዬ ነው የጠቆምኩት።

ተንበርክከው መሬቱን ሳሙት። «ጫልቱዬ፣ ጥዬሽ የቀረሁ መሰለሽ?» አሏት። እኔ ፊቴን አዞርኩ።

ሲነሱ እጄን ይዘው «ልጅ ይውጣልህ! አንተ ባትኖር ማን ያሳየኝ ነበር?» ብለው መረቁኝ። «አሜን» አልኩ... ምን ልበል? እውነቱን ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር፣ ግን ፈራሁ። በቃ ፈራሁ።

ኅዳር ላይ ዘራቸውን ቋጥረው ከአንገቱ ይመጣሉ፤ የማያውቁት ሰው መቃብር ላይ ይበትኑታል። ቦታውን ያሳየኋቸው እኔ ነኝ።