እሷ ታስራለች፣ እሱ ይፈታል

ዩድሮንን ሳያውቅ የጋርላን ተራራ በበረዶ ተሻግሬያለሁ የሚል ሾፌር ካጋጠማችሁ፣ ውሸታም ነው። ተራራው በረዶ ከያዘ ከኛ መንደር ያለ ሰንሰለት የሚወጣ መኪና የለም፤ ሰንሰለቱን ጎማ ላይ የምታስረው ደግሞ እሷ ናት። የኑድል ቤቴ በር ላይ ጆንያ አንጥፋ ትቀመጣለች። እኔ ፈቅጄላት አይደለም። አንድ ጠዋት መጥታ ተቀመጠች፤ ተነሺ ለማለት እስከ ዛሬ ወኔ አላገኘሁም።

አጭር ደንዳና ሴት ናት፤ ምላሷ አይጣል ነው። ከቼንግዱ የሚመጡ የከተማ ልጆች የመኪናቸውን መስኮት ትንሽ ዝቅ አድርገው፣ “እትዬ፣ ትንሽ ቶሎ በይልን” ይሏታል።

“እኔማ ቶሎ እላለሁ፤ ገደሉ ግን ከኔም ይቀድማል” ትላለች በረዶው ላይ በጀርባዋ እንደተኛች። “በል አሁን ትንሽ ወደ ፊት ንዳ። ትንሽ አልኩህ! እጄ እዚህ ነው ያለው፣ የሰው እጅ!”

ካሰረች በኋላም እስከ ድልድዩ አስነድታ ታስቆማቸዋለች። ሰንሰለት ጎማው ሲዞር ስለሚላላ፣ በእግሯ ተከትላ ሄዳ ደግማ ታጠብቀዋለች። ይህን የምታደርገው ለሰደባትም ለመረቃትም እኩል ነው።

በኛ አገር እዚህ የታሰረ ሰንሰለት የሚፈታው ከተራራው ማዶ ነው። ማዶ ያለው ሰው ይፈታል፣ የተበጠሰውን በሽቦ ይጠግናል፣ በጆንያ አድርጎ ወደዚህ በሚመጣ መኪና ይመልሳል። ማዶ የሚፈታው ዳርጌ፣ የዩድሮን ታናሽ ወንድም ነው። ከዚያ ወደዚህ ለሚመጡት የምታስረው ግን ሚስቱ ናት። እሱ ለማሰር እጁን ዘርግቶ አያውቅም፤ “መፍታቱ ይበቃኛል” ይላል አሉ። ሰው ሁሉ ኩራት ነው ይለው ነበር። እኔም እንደዚያው እል ነበር።

ወንድምና እህት እናታቸው ከሞተች ጀምሮ አይነጋገሩም። አሮጊቷ በብርዱ ወራት ስትታመም አንድ ነገር ብቻ ነበር የምትለው፤ “ዳርጌ መጣ?” ዳርጌ ያኔም የሚኖረው ማዶ ነበር። ተራራው በረዶ ይዞ ነበር፤ ቢሆንም መኪና ይሻገር ነበር። ዳርጌ የደረሰው መነኮሳቱ ጸሎታቸውን ጨርሰው ሲወጡ ነው። ዩድሮን ደጃፉ ላይ ጠብቃ፣ ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማ፣ “አንተ መንገዱ እስኪጠረግ ጠበቅህ። እሷ አንተን ስትጠብቅ አለቀች” አለችው። ፊቱን አዙሮ ሄደ።

በሚቀጥለው ዓመት ሰንሰለት ማሰር ጀመረች። “ከእንግዲህ ማንም በመንገድ አያሳብብም” አለችኝ። እሱም ማዶ መፍታት ጀመረ። ማን እንደጠየቀው አይታወቅም፤ እሷ እንዳልጠየቀችው ግን አውቃለሁ።

ከዚያ ወዲህ መነጋገሪያቸው ሰንሰለቱ የሚመለስበት ጆንያ ሆነ። ሲመጣላት ዘርግፋ የጠገነበትን ሽቦ እያገላበጠች ታያለች። “ጉንፋን ይዞታል” ትላለች።

“ሽቦው አስነጠሰ እንዴ?” እላታለሁ።

“ሰነፍ አጠማዘዝ ነው። ጤነኛ ሲሆን እንዲህ አያደርግም። ሂድና ኑድልህን ቀቅል፣ አንተ ሽማግሌ።” ቀጥላ የሚወጣውን ሾፌር ትጠራና፣ “ማዶ ያለውን ሰውዬ ጓንት ልበስ በልልኝ። ማን አለ ካለህ፣ ተራራው በለው” ትለዋለች። አንዳንዴ ሰንሰለቱ መሃል በጨርቅ የተጠቀለለ ደረቅ አይብ ይገኛል። “ይሄ አይብ ደግሞ እግር አውጥቶ ነው የመጣው?” ብላ ብብቷ ውስጥ ትከተዋለች። ለኔ ቆርሳ ሰጥታኝ አታውቅም።

ለምን ወንድምሽ ጋ አትሄጂም ሲሏት መልሷ አንድ ነበር፤ “ተራራው እያለ እንዴት ብዬ።”

ኋላ ተራራው ተበሳ። ከመንደራችን በታች ገብቶ ማዶ የሚወጣ ዋሻ ተከፈተ። መኪናው ሁሉ በዚያ ሆነ፤ የኔም ድስት ቀዘቀዘ። ተናድጄ ስለነበር አልማርኳትም። “እንግዲህ ተራራው ተበስቷል፤ አሁን በምን ታመካኚ ይሆን?” አልኳት። ጓንቷን ወረወረችብኝ። ጓንቱን አንስቼ ስመልስላት ፊቷን አየሁና ባልተናገርኩ አልኩ። ጆንያ መምጣቱ ቀርቶ ነበር። እሷ ግን ማንም በማይወጣበት መንገድ ዳር አሁንም በየጠዋቱ መጥታ ትቀመጣለች። እነዚህ ሁለት ሰዎች እንደተኳረፉ መሞታቸው ነው አልኩ በልቤ።

የአገሬው ሰዎች አዲስ ዓመት ሲቃረብ፣ አንድ ጠዋት ዩድሮን በሶዋን ቅቤ በተመታበት ሻይ እያሸች ሳለ፣ ከላይ ከተራራው የብረት ኳኳታ ሰማን። አሮጌ ነጭ ቫን በጠመዝማዛው እየወረደ ነው። እኛ ጋ በረዶው ቀልጦ አስፋልቱ ደርቋል፤ ከላይ ግን ገና ነጭ ነበር። ቫኑ ቤቴ በር ላይ ቆመ። ዳርጌ ወረደ፤ ጸጉሩ ሸብቷል።

ዩድሮን እሱን አላየችውም፤ ያየችው ጎማውን ነው። በሶዋን አስቀምጣ ተነሳች።

“ይሄን ያሰረው ማነው?”

“እኔ ነኝ።”

“መንጠቆው ወደ ውስጥ ዞሮ? ጎማውን ሲወጋው እኮ ነው የመጣኸው! ይሄኛው ደግሞ ላልቶ ፓራፋንጎህን ቀጥቅጦ ጨርሶታል። ሚስትህ የት ሄዳ ነው?”

“አለች። አልቀሰቀስኳትም።”

“በዋሻው አትመጣም ነበር?”

“በዋሻው ብመጣ ሰንሰለት የሚፈታልኝ ሰው አያስፈልገኝም ነበር” አለ ዳርጌ።

እኔ ጭልፋዬን ይዤ በሩ ላይ ደርቄ ቀረሁ።

“እትዬ፣ ያን ጊዜም አስሬው ነበር” አለ። “እማ ታማለች እንዳሉኝ ሰንሰለት ተውሼ ወጣሁ። እንዲህ እንደምታይው ነው ያሰርኩት። መጀመሪያው ኩርባ ላይ ወልቆ የጎማው ዘንግ ላይ ተጠመጠመና መኪናው ቦይ ገባ። እጄ እስኪደማ ስታገል ዋልኩ። ሰው ያልፋል፣ ይጠይቀኛል፣ ‘ደህና ነኝ’ እላለሁ። ሰንሰለት ማሰር አልችልም ማለት አፈርኩ። እማ እየሞተች እኔ አፈርኩ።”

“ለምን አልነገርከኝም?”

“ያን ሁሉ ሰው ፊት መንገድ ጠበቅህ ስትይኝ፣ ማሰር ስላቃተኝ ነው ልበልሽ? ሰነፍ መባሉ ይሻለኛል ብዬ ዋጥኩት። ዋጥኩት እንጂ አልወረደልኝም።”

የምትሰድበው መሰለኝ። እሷ ግን በጉልበቷ ተንበርክካ ሰንሰለቶቹን ፈታች፣ አንድ በአንድ አስፋልቱ ላይ ዘረጋቻቸው፣ ከዚያ እጅጌውን ይዛ ወደ መሬት ጎተተችው። “ተንበርከክ። መንጠቆው ወደ ላይ፣ አፉ ወደ ውጭ። እኔን አትይ፣ እጅህን እይ።”

እሱ ሲያስር፣ እሷ ስታስፈታው፣ እንደገና ሲያስር፣ ያፈላሁት ሻይ በረደ። በመጨረሻ ጎማውን በእጇ ዳሰሰችው። ስህተት አጣችለት። ቢሆንም እዚያው አቀርቅራ ቆየች። ምን እያደረገች እንደሆነ ስለገባኝ ፊቴን ወደ ድስቴ አዞርኩ።

“ግባና ንዳ” አለችው ተነስታ።

“እትዬ፣ አስፋልቱ ደረቅ ነው እኮ። መጀመሪያ ልፍታው።”

“እንዳትነካው! ያን ቀን የሰማኝ ሁሉ ዛሬ ይስማ።”

ሰንሰለት በደረቅ አስፋልት ላይ ሲነዳ ተበልቶ ያልቃል፤ ይህን ያደረገ ሾፌር በድንጋይ ስታባርር በዓይኔ አይቻለሁ። ያን ቀን ግን ከጎኑ ገብታ ተቀመጠች፤ ቫኑም እንደታሰረ እየተንኳኳ ወደ መንደሩ ዳር፣ ወደ እናታቸው ቤት ወጣ። ሰው ሁሉ ምን መጣ ብሎ ከየቤቱ ብቅ አለ። እኔም ምድጃዬን ጥዬ ተከተልኩ፤ ምን አገባኝ ማለት አላማረኝም።

ዳርጌ ወርዶ ደጃፉ ላይ ቆመ። ለማንኳኳት እጁን አንስቶ መልሶ አወረደው። ቤቱ ውስጥ ማንም እንደሌለ ያውቃል።

“እማ፣ መጣሁ” አለ።

ዩድሮን ከኋላው አልፋ በሩን ከፈተችና ወደ ውስጥ ገባች። ፊቷን ወደ እሱ መለሰች።

“ግባ ልጄ” አለችው። “በርዶሃል።”