የሞላ የምሳ ፕሮግራም

ሞላ ጡረታ የወጣው በታኅሣሥ መጨረሻ ነው። ጥር ሳይጋመስ ሚስቱን በሽሮ ከሰሳት።

አሶሳ ውስጥ ይህን ሰው የማያውቅ ጥቂት ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የአንድ መሥሪያ ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት ቁልፍ በወገቡ ታስሮ ኖሯል። ሚስማር እንኳ በፊርማ ነበር የሚሰጠው። እስክሪብቶ አለቀብኝ ያለ ሰው፣ ኃላፊም ይሁን ተላላኪ፣ ባዶውን ቀፎ ይዞ ካልመጣ አዲስ አያገኝም። አንዳንዱማ ከሞላ ጋር ከመጨቃጨቅ ብሎ ከኪሱ ገዝቶ ይጽፍ ነበር።

ምሳውንም ያን ያህል ዓመት የበላው በመሥሪያ ቤቱ ክበብ ነው። ቤት የሚበላው እራት ነበር፤ እሱንም ዜና እያየ ስለሚጎርስ ምን እንደጎረሰ አያውቀውም። አሁን ግን ሰውዬው ቤት ዋለ። ቁልፍ የለ፣ ፊርማ የለ፣ የሚቆጣው ተላላኪ የለ። አንድ ቀን ጓዳ ገብቶ የሚስቱን የቅመም ዕቃዎች በቁመታቸው ደረደራቸው። በማግስቱ በርበሬው ቢፈለግ ቢፈለግ ጠፋ። የሺሀረግ እየሳቀች ወደ ቦታው መለሰችው እንጂ፣ ሌላ ሴት ብትሆን ኖሮ ያን ቀን ቤቱ ይታመስ ነበር።

እውነቱን እንናገር ከተባለ ሞላ ፈርቷል። ለማንም አይተነፍሰውም እንጂ፣ በገዛ ቤቱ የማይፈለግ ዕቃ ሆኖ እንዳይቀር ነው የፈራው። አንድ የሚያዝበት ነገር ማግኘት ነበረበት፤ ሲፈልግ ሲፈልግ ዓይኑ ምሳው ላይ አረፈ።

«ሽሮ ነው?» አለ አንድ ሐሙስ፣ እንጀራው ላይ የፈሰሰውን እያየ።

«ታዲያ ምን መሰለህ?»

«ትናንትም ሽሮ ነበር።»

«የትናንቱ ወፍራም ነው። የዛሬው ቀጠን ያለ ነው።»

«ከትናንት ወዲያስ?»

«እሱ ነጭ ሽሮ ነበር።»

ሞላ ጣቶቹን ታጥቦ እንደጨረሰ ሰው ወደ ኋላ ተደገፈ። «እኔ እምልሽ፣ የሺ፣ ይሄ እኮ ብር የሚጠይቅ ነገር አይደለም። ማቀድ ብቻ ነው። በዚያው በአስቤዛው ብር ሰባት ቀን ሰባት ዓይነት ምሳ መብላት ይቻላል። ማቀድ ብቻ!»

የሺሀረግ ጭልፋውን አስቀመጠች። ሠላሳ ሦስት ዓመት አብራው የኖረችውን ሰው ከላይ እስከ ታች አየችው።

«በል እንግዲያው» አለች። «ከሰኞ እስከ እሁድ አንተ ታስባለህ፣ አንተ ትገዛለህ፣ እኔ እሠራለሁ። ዓይነቱ አይደገም፣ ብሩ አይጨመር። ከተሳካልህ የዚህ ቤት አስቤዛ እስከ ዕለተ ሞቴ ያንተ ነው። ካቃተህ ግን፣ ሞላዬ፣ ማዕድ ላይ አፍህ የሚከፈተው ለመጉረስ ብቻ ነው።»

«ይሁን!» አለ ሞላ። ሹመት የተሰጠው ሰው እንኳ እንደዚያ ደረቱን አይነፋም።

ያንኑ ዕለት ከሰዓት ወረቀት ዘርግቶ በማስመሪያ ሰባት ቤት አሰመረ። ረቡዕንና ዓርብን በቀይ ከበባቸው፤ የጾም ቀን ናቸዋ። ሰኞ ላይ «ሽሮ» ብሎ ጻፈ፣ አንድ ጊዜ ይፈቀዳል። ማክሰኞ «ምስር»። ረቡዕ «ክክ»። ሐሙስ ላይ እስክሪብቶው ቆመ። ቢያስብ፣ ጣራ ጣራ ቢያይ፣ ግቢውን ሁለት ጊዜ ቢዞር፣ ሐሙስ ባዶ ነው። በስተመጨረሻ በድፍረት «ሥጋ» ብሎ ጻፈና ሥጋ ቤት ሄደ። የኪሎውን ዋጋ ጠይቆ፣ ሰምቶ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ወጣ። ለሥጋ ሻጩ ሳይሆን ለራሱ ያለው ነው የሚመስለው። ቤት ገብቶ ሐሙስን ሰረዘው።

«ሐሙስ ላይ ደረስክ?» አለችው የሺሀረግ ከጓዳ።

«እየተጠና ነው» አለ።

በማግስቱ ሌላ ዘዴ መጣለት። ሰው ቤት ምን ይበላል? ይህን ማወቅ የሚቻለው ሰው ሲበላ በመድረስ ነው። ስለዚህ ልክ በምሳ ሰዓት፣ ድንገት እንዳለፈ ሰው ሆኖ፣ ከአጥሩ ማዶ ወዳለችው ወደ ነዕማ ግቢ ብቅ አለ። ነዕማ የአገሬው የበርታ ተወላጅ ናት፤ ከሱዳን ድንበር በኩርሙክ መንገድ የሚመጣ ለውዝና ደረቅ ባሚያ ትነግዳለች። ሃያ ዓመት ጎረቤት ሲሆኑ ሞላ ከበሯ አልፎ የገባበት ቀን አይታወስም።

«አቶ ሞላ! ግባ፣ ግባ። ምሳ ደርሷል።»

«ኧረ እኔ በልቻለሁ፣ ዛሬም ዓርብ ነው...»

«ይሄ ሥጋ የለውም፣ ቅቤ የለውም። የእናንተ ጾም እኔ አውቃለሁ።»

የማሽላ ገንፎ ነው፣ መሐሉ ላይ የባሚያ ወጥ የተኛበት። ባሚያ ሞላ ዕድሜውን ሙሉ የሸሸው ነገር ነው። «ይሙለጨለጫል» ይላል። ሳይቀምሰው እንዴት እንዳወቀ ማንም ጠይቆት አያውቅም። አሁን ግን ነዕማ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ በዓይኗ ትጠብቀዋለች፤ መውጫ የለም። የመጀመሪያውን ለይሉኝታ በላ። ሁለተኛውን ለማረጋገጥ በላ። ከሦስተኛው በኋላ ምክንያት አልፈለገም።

«ይጣፍጣል አይደል?» አለች ነዕማ። «ለውዝ መጨመር የሺ ነው ያስተማረኝ።»

«የቷ የሺ?»

«ሚስትህ ነዋ! ሁልጊዜ ማክሰኞ ይመጣል፣ እዚህ ይቀመጣል፣ አብረን እንበላለን። ወላሂ፣ ባሚያ እንደሱ የሚወድ ሰው የለም።» ነዕማ አማርኛን የለመደችው ገበያ ውስጥ ነው፤ ወንዱንም ሴቱንም በአንድ አፍ ትጠራለች። ሞላ ግን ስለማን እንደምታወራ በደንብ ገብቶታል።

«ማክሰኞ እኮ ወፍጮ ቤት ነው የምትሄደው። ሰልፉ ረጅም ነው እያለች...»

ነዕማ ከት ብላ ሳቀች። «ሰልፉ እዚህ ነው!» አለች፣ የተቀመጠበትን በርጩማ እያሳየችው።

ሞላ ቤት ገብቶ ወረቀቱን ዘረጋ። ሐሙስ ላይ «ባሚያ» ብሎ ጻፈ። ትንሽ አሰበና ሰርዞ ወደ ማክሰኞ ወሰደው።

ቅዳሜ ወደ ቃናኒ ሄደ፤ መጋዝ ሊዋስ ነው፣ ለስሙ። ቃናኒ የሌላው ጎረቤታቸው የዳበሳ ሚስት ናት፣ ከወለጋ በሙሽርነት ከመጣች አራት ዓመት ቢሆናት ነው። መጋዙን ልታመጣለት ስትነሳ ሞላ «ቆይ እስኪ፣ ምንድን ነው የሚሸተው?» አለ። ዱባ ነው፣ በሰሊጥ የተሠራ።

«ቅጠሉንም እኮ አልጥለውም፣ ጋሼ» አለች ቃናኒ ፊቷ በርቶ። «ዛሬ ዱባው፣ ነገ ቅጠሉ በቂጣ። የተረፈው ምስር ሳምቡሳ ይሆናል። ቦሎቄ ከተቀቀለ ግማሹ ንፍሮ፣ ግማሹ ወጥ። በአንድ እሳት ሁለት ምግብ!»

ሞላ ደብተር ባለመያዙ ተቆጨ። «ይህን ሁሉ እናትሽ ናት ያስተማረችሽ?»

«እናቴማ የአገራችንን ሥር፣ አንጮቴን፣ መቀቀል ነው ያስተማረችኝ። ሌላውን እትዬ የሺ ናት። ለሰፈሩ ሙሽራ ሁሉ እሷ አይደለች የምታስተምረው?»

ሞላ በሩን ደገፍ አለ። «ታዲያ ለእኔ ለምን አትሠራልኝም?»

ቃናኒ ድስቱን ያለ ምክንያት አማሰለች። መናገሩንም አለመናገሩንም ፈርታለች።

«ጋሼ የማያውቁትን ነገር አይወዱም ብላኛለች» አለች በመጨረሻ። «ድሮ ሠርታልዎት ሳህኑን ገፉት አሉ። ደግሞ ተቆጥታ አይደለም እኮ፣ እየሳቀች ነው የነገረችኝ!»

መጋዙን ሳይወስድ ወጣ።

እስከ ቤቱ ሃምሳ እርምጃ አይሞላም፤ ሞላ ግን ዙሪያውን ዞሮ ሄደ። ትዝ አለው። ሁለቱም በሰባ ሰባት ድርቅ ከወሎ በመኪና ተጭነው የመጡ ሰዎች ልጆች ናቸው፤ የተጋቡት ሰፈራ መንደሩ ውስጥ፣ ባለ አንድ ክፍል የሣር ቤት ይዘው ነው። በመጀመሪያው ዓመት የሺሀረግ ከአገሬው ሴቶች የተማረችውን አንድ ወጥ አቀረበችለት። በአንድ ጣቱ ሳህኑን ገፋና «እኛ ቤት እንዲህ ያለ አይበላም» ብሎ ወጣ። ሻይ ቤት ገብቶ ዳቦ በላ። ዳቦውን ያስታውሰዋል፣ ትኩስ ነበር። የየሺሀረግን ፊት ግን ሊያስታውስ አልቻለም፤ አላየውማ። አፈረ። ስድሳ ዓመት የሞላው ሰው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በአጥር ጥግ ብቻውን ቆሞ አፈረ።

ሰኞ ሲደርስ ፕሮግራሙ ሞልቶ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ሰኞ ምስር። ማክሰኞ ባሚያ በለውዝ ሲላት የሺሀረግ ቀና ብላ አየችው። «እንግዲያው ዛሬ ወፍጮ ቤት አልሄድም» አለችና ሥራዋን ቀጠለች። ምሳው ላይ ሰውዬው ሁለት ጊዜ ጨመረ። ረቡዕ ዱባ ሆነ፣ ሐሙስ የዱባው ቅጠል በቂጣና በአይብ፣ ዓርብ ቦሎቄ። ቅዳሜ የዓርቡ ትራፊ ቦሎቄ ከመኮሮኒ ጋር ተቀላቅሎ ሌላ ስም ተሰጠው፤ ዳኛ ቢኖር ኖሮ ያከራክር ነበር፣ የሺሀረግ ግን አሳለፈችለት። ብሩም አልጎደለም፣ እንዲያውም ተረፈ።

ያላሰበው ነገር ሌላ ነው። በየጠዋቱ እጇን እያደራረቀች ትመጣና «ሞላዬ፣ ዛሬ ምን ልሥራ?» ትለዋለች። ወረቀቱ እዚያው ተለጥፎ እያለ እንኳ ተነስቶ እንደገና ያነበዋል። ዱባው ባይገኝስ? ለውዙ ቢወደድስ? ዓርብ መብራት ቢጠፋስ? ይህችኑ ጥያቄ ሠላሳ ሦስት ዓመት እሷ ስትጠይቀው መልሱ አንድ ነበር፦ «ያለውን»። ያለው ከየት እንደሚመጣ አስቦ አያውቅም። ማቀድ ብቻ ብሎ ነበር፣ ለካ ማቀዱ ነው ሥራው!

እሁድ ጠዋት ደረሰ። አንዲት ቀን ብቻ ቀርታዋለች። የቀረችው ደግሞ ያለቀላት ናት፤ ስድስት ዕንቁላል ትናንት ማታ ገዝቶ በሩ ኋላ ባለው ቅርጫት አስቀምጧል። የሺሀረግ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ነጠላዋን ሳታወልቅ መጣች።

«እህሳ? አሸናፊው! ዛሬ ምን ልሥራ?»

ሞላ ወረቀቱን አየ። እሷን አየ። ይህን ሳምንት ያበላት ሁሉ ከራሷ የተሰረቀ ነው፤ የሰረቀውን መልሶ ለእሷ ሸጦ ሹመት ሊቀበል ነው።

«አንቺ ምን ትወጃለሽ?» አላት።

«ምን?»

«ለራስሽ። ምን ቢሠራ ደስ ይልሻል?»

«ጠፋብህ ማለት ነው?»

«አዎ» አለ ሞላ። «ጠፋብኝ።»

የሺሀረግ ወደ በሩ ኋላ አየት አደረገች። «እነዚያ ዕንቁላሎች ታዲያ ሊፈለፈሉ ነው የተቀመጡት?» አለች። ሳቋ ግን እንደወትሮው አልዘለቀም። በርጩማው ላይ ቁጭ አለች፣ ነጠላዋን ጭኗ ላይ ሰበሰበች። ሰው የልደት ቀኑን ተጠይቆ እንደጠፋበት ዓይነት፣ መሬት መሬት እያየች ብዙ አሰበች።

«ዓሳ» አለች። «የዳቡስ ወንዝ ዓሳ። አባቴ አንዳንዴ ያመጣልን ነበር። ካገባሁህ ወዲህ አልበላሁም።»

«ለምን?»

«ይሸታል ብለሃላ።»

«መቼ?»

«አንተማ እንዴት ታስታውሰዋለህ።»

«ዓሳ እንደምትወጂ አላውቅም ነበር፣ የሺ።»

«አልጠየቅከኝማ» አለች፣ ያለ ቂም፣ ስለ ሌላ ሰው እንደሚወራ።

ሞላ ተነሳ። ከአስቤዛው የተረፈውን ብር ይዞ ወጣ። ከባምባሲ በኩል በሞተር ዓሳ የሚያመጣውን ሰውዬ ፍለጋ ከተማዋን ከዳር እስከ ዳር ዞረ፤ ሁለት ጊዜ የተሳሳተ ቦታ ላኩት፣ አንድ ጊዜ ዝናብ የማያውቀው የጥር አቧራ አለበሰው። ስድስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ሁለት ዓሳ በፌስታል አንጠልጥሎ ደረሰ። የሺሀረግ ጠበሰችው። ሞላ መነጽሩን አድርጎ ከትሪው ላይ አጎነበሰና እሾሁን አንድ በአንድ እየለቀመ፣ የለቀመውን ወደ እሷ በኩል መግፋት ያዘ።

እሷም በላች። አልተነሳችም፣ ጨምሩ አላለችም፣ ለማንም አላቀረበችም፤ እየጣማት፣ እስኪበቃት በላች። ሞላ ሚስቱ ቁጭ ብላ ስትበላ አይቶ እንደማያውቅ ያወቀው ያኔ ነው።