ብር አይቆርጥም

ባለፈው ሳምንት ጎረቤታችን ልጃቸውን ሊድሩ የጥሪ ካርድ ይዘውልን መጡ። ካርዱ ጥግ ላይ ያቺ ጥቁር በነጭ የተዥጎረጎረች አራት ማዕዘን ምልክት ታትማለች። አባቴ መነጽሩን አድርጎ አያትና፣ "አሁንስ አበዙት! ስጦታውንም በዚህ ሊቀበሉን ነው?" አለ። ምልክቷ የምታሳየው የአዳራሹን መንገድ ነበር። ሳቅሁ፤ እየሳቅሁም ያ የአዲስ ዓመት ባዛር ትዝ አለኝ።

ያኔ ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ አሰላ ውስጥ እትዬ ዘነበች በሶ ቤት ተቀጥሬ ነበር። ሥራዬ ጓሮ ነው፤ ከብረት ምጣዱና ከገብሱ ጋር። ክረምት ላይ የጭላሎ ተራራ ጉም እስከ ከተማው ወርዶ ሰው ሁሉ ሲንቀጠቀጥ እኔን ይሞቀኝ ነበር። ጓሮውን የወደድኩት ግን ለሙቀቱ ብዬ አይደለም፤ ሰው ስለማይገባበት ነው። እንግዳ ሰው ካናገረኝ አንገቴን እደፋለሁ። ያም ሆኖ ሱቁ ውስጥ ቆሞ መሸጥ በጣም ያምረኝ ነበር። ሁለቱ በአንድ ሰው ልብ እንዴት አብረው እንደሚኖሩ ዛሬም አይገባኝም።

በዚያ ክረምት የእትዬ ዘነበች የእህት ልጅ ዮናስ ከአዳማ መጣ። "የበሶው እሽግ ላይ ኪውአር ኮድ የሚባለውን ምልክት እናትም" አለ። "ሰው በስልኩ ሲያነሳው በሶው እንዴት እንደሚሠራ ቪዲዮ ይከፈትለታል።" ለቪዲዮው እኔን ለመነኝ። እምቢ ስለው፣ "እጅሽ ብቻ ነው የሚታየው" አለኝ። እጄ ብቻ ከሆነ ምን ያስፈራኛል? እየቆላሁ እንደ ልቤ አወራሁ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም። ገብሱ መንጣጣት ሲጀምር እጅ ማረፍ እንደሌለበት፣ ሽታው ደስ ሲል ሳይዘገይ መውረድ እንዳለበት፣ ለጭብጦ የሚሆነው ቅቤ ለስለስ ማለት እንዳለበት። ድምፄን ሰው እንደሚሰማው ረስቼው ነበር።

ባዛሩ የተከፈተው ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው። ሜዳው ጭቃ፣ ሰማዩ ዝናብ። ዮናስ ድንኳናችን ላይ ትልቅ ፖስተር ሰቀለ፤ ኮዱና ከሥሩ "ስካን ያድርጉ!" የሚል ጽሑፍ ብቻ። እትዬ ዘነበች ለብቻዬ ጠሩኝ።

"እዚህ ቆመሽ ሰዉን አናግሪ። ከሆነልሽ ከነገ ጀምሮ ሱቅ ትገቢያለሽ። ካልሆነልሽ፣ ያው ገብስሽ አለ።"

ቆምኩ። ሰው እየመጣ ፖስተሩን ያይና ይሸሻል። በእኛ ከተማ ያ ምልክት የሚታወቀው ሂሳብ መክፈያው ላይ ነው፤ ካፌውም ፋርማሲውም የሚሰቅለው ለዚያ ነው። አንዲት ባለ ጃንጥላ ሴትዮ፣ "ሳልቀምስ ልከፍል?" አሉ። አንዱ ጎረምሳ ለጓደኞቹ፣ "ኧረ ተዉ፣ ስልካችሁን ካስጠጋችሁ ሂሳባችሁ ባዶ ነው!" አለ። አይደለም ማለት እፈልጋለሁ፤ ግን አንገቴን ደፋሁ። ዮናስ፣ "ነፃ ነው! ነፃ ነው!" እያለ ሲጮህ ደግሞ ሴትዮዋ፣ "ነፃ ሲሉማ ነው የሚያስፈራው" ብለው ጭራሽ ራቁ።

እትዬ ዘነበች ታገሡ፣ ታገሡና፣ "በቃ ይውረድ" አሉ። ወደ እኔ ዞር ብለውም፣ "አይዞሽ፣ ሁሉም ሰው ለሁሉም ነገር አልተፈጠረም" አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ዮናስ ወንበር ላይ ወጥቶ የፖስተሩን ገመድ መፍታት ጀመረ።

ከሳጉሬ የመጡ አንድ ሽማግሌ ዝናቡን ሸሽተው ድንኳናችን ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ለቅምሻ የቀረበውን ጭብጦ ይበላሉ። "ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ምንድን ነው ይሄ የሚወርደው?" አሉኝ። ማስረዳት ሲያቅተኝ የራሴን ስልክ አወጣሁና ገመዱ ሳይፈታ ኮዱ ላይ ደገንኩ። ድምፄ በኦሮምኛ ድንኳኑን ሞላው። ሽማግሌው ማኘካቸውን አቆሙ።

"ይቺ ልጅ ገብስ ታውቃለች። ማን ናት?"

"እኔ ነኝ" አልኩ።

"አንቺ? እኔ እኮ ዱዳ መስለሽኝ እስካሁን ሳዝንልሽ ነበር!"

ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፤ ስስቅ ፍርሃቴ ቀለለኝ። ራቅ ብለው የቆሙትን ባለ ጃንጥላ ሴትዮ ቀና ብዬ አየኋቸውና፣ "ብር አይቆርጥም እማማ! ውስጡ ያለሁት እኔ ነኝ፤ በሶ ሳዘጋጅ ነው የሚያሳየው" አልኳቸው።

"ከቆረጠብኝ አንቺን ነው የምይዘው!"

"ይያዙኝ፤ የትም አልሄድም።"

ስልካቸውን አስጠጉ። እጄን ሲያዩ፣ ድምፄን ሲሰሙ፣ "ውይ፣ እውነትም እሷ ናት!" ብለው ሌላውን ጠሩ። ያ ጎረምሳ እንኳን ጓደኞቹን ይዞ ተመለሰ። ዮናስ ገመዱን መልሶ አሰረ። ትንሽ ቆይቶ ድምፄ ከየአቅጣጫው ይመጣ ጀመር፤ አንዱ ስልክ ላይ ገብስ ስቆላ፣ ሌላው ላይ ጭብጦ ስጨብጥ፣ አንዱ ጋ በአማርኛ፣ አንዱ ጋ በኦሮምኛ። የሚጠይቀኝ በዛ፤ እኔም መለስኩ። አንገቴን መድፋት የረሳሁት ያን ቀን ነው። ማታ ዕቃ ስንሸክፍ እትዬ ዘነበች የሱቁን ቁልፍ መዳፌ ላይ አስቀምጠው ሄዱ።

አሁንም እዚያው ሱቅ ነው የምሸጠው። ዓይን አፋርነቱ ጨርሶ አልለቀቀኝም፤ አንዳንድ ጠዋት የመጀመሪያው ደንበኛ እስኪገባ ልቤ ይመታል። ግን ከአቦምሳም ከአርቦዬም የሚመጣ ሰው ዋጋ ስነግረው ቆም ይልና፣ "ድምፅሽን የት ነው የማውቀው?" ይለኛል። እኔ ብዙ ያልተማርኩ ልጅ ነኝ፤ አገሩንም ዞሬ አላየሁም። ድምፄ ግን እኔ ያልደረስኩበት ቤት ሁሉ ገብቶ ሰው በሶውን በወግ እንዲበላ ያስተምራል። እሽጉን አንስቼ፣ "እዚህ ላይ" እላለሁ፤ ስሜንም ጮክ ብዬ እነግረዋለሁ።