አፏን የዘጋችበት ቁርስ

መጀመሪያ ያየሁት ሆዷን ነው። ቤዛ አንድ ዓመት ከሦስት ወር ሆኗታል። ጠዋት ላጥባት ልብሷን ሳወልቅ ሆዷ ተነፍቶ እምብርቷ ወደ ውጭ ወጥቷል። ጭኖቿ ተሸብሽበዋል። መቀመጫዋ ላይ የነበረው ሥጋ የት እንደገባ እንጃ፣ ቆዳው ብቻ ተንጠልጥሏል። ከዚያ በፊት በነበሩት ሳምንታት ሰገራዋ ብዙ፣ ነጣ ያለ፣ ቅባት ያለበትና ሽታው ቤት የሚያስለቅቅ ሆኖ ነበር። ጥርስ ልታወጣ ነው እያልኩ አልፌዋለሁ። ያን ቀን ግን ማለፍ አቃተኝ። ያንን ሆድ አውቀዋለሁ። ከእሷ በፊት አቤል ላይ አይቼዋለሁ።

አቤል የመጀመሪያ ልጄ ነው። በፈረንጆች 2016 መጀመሪያ ላይ፣ ጁባ ሎሎጎ ሰፈር ተከራይተን ስንኖር፣ በሁለት ዓመት ከአምስት ወሩ ሞተ። አሜባ ነው አሉ። ታይፎይድ ነው አሉ። ያሉትን መድኃኒት ሁሉ ሰጠነው። ሞተ። እኔ ያኔ ቤዛን እርጉዝ ነበርኩ።

ይህን የምጽፈው ልጃቸው ዓይናቸው እያየ ለሚመነምንባቸው ነው። እኔን ብላችሁ አንብቡት። ላሳዝናችሁ ብዬ ሳይሆን እኔ የሠራሁትን እንዳትሠሩ ነው።

ከአቤል በኋላ ሎሎጎን ማየት ስላስጠላኝ እዚያው ጁባ ወደ ሙኑኪ ሰፈር ተዛወርን። እዚያ ቁርስ ቤት ከፈትኩ። ጉራ አይሁንብኝና ቂንጬዬ የታወቀ ነው፤ ከወንዙ ማዶ ከጉምቦ ድልድዩን ተሻግረው በቦዳቦዳ፣ በኪራይ ሞተር ሳይክል፣ የሚመጡ ደንበኞች ነበሩኝ። ድፎ እደፋለሁ፣ አምባሻ እጋግራለሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ኬክ እሠራለሁ። ልጆቼም ያደጉት በዚሁ እጅ ነው፤ ቂንጬ በቅቤ፣ ዳቦ በወተት፣ የገብስና የአጃ አጥሚት። ደስ ሲለኝ ደግሞ ከሱፐርማርኬት ኮርንፍሌክስ እገዛለሁ። ጠዋት ጠዋት ልጅ ማብላት የሚያስደስተኝን ያህል የሚያስደስተኝ ነገር አልነበረም። እና የቁርስ ቤት ባለቤት ልጅ ከሳች! ደንበኞቼ ቤዛን ሲያዩ አንገታቸውን ሲደፉ አያለሁ። ደሜ ይፈላል።

ቤዛ ማንኪያ ስታይ አፏን ግጥም ታደርጋለች። ፊቷን ታዞራለች። እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ። እናቴ እኔን እንዳሳደገችኝ፣ ጭኔ ላይ አስተኝቼ፣ አፍንጫዋን ያዝ አድርጌ አጥሚቱን በእጄ እግታታለሁ። አየር ፍለጋ አፏን ስትከፍት ይገባል። ታስመልሰዋለች። እንደገና እሠራለሁ። እንደገና እግታታለሁ። የሚያለቅስ ልጅ ይኑርሽ እንጂ የሚራብ አይኑርሽ እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ።

ሰፈራችን ያለ ክሊኒክ ወሰድኳት። የወባ ምርመራው ኔጌቲቭ ሆነ። ለጃርዲያ ሜትሮኒዳዞል፣ ለትል አልቤንዳዞል፣ ለተቅማጡ ዚንክና ኦአርኤስ ሰጡን። ሳምንት ሻል ይላታል፣ ከዚያ ይመለሳል። ሁለተኛ ሄድን። ያንኑ ሰጡን።

ግቢያችን ውስጥ ኛቻን የምትባል ጎረቤት አለችን። ጋምቤላ አድጋ ወደ አገሯ የተመለሰች ናት፣ አማርኛዋ ከእኔ አይተናነስም። ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት አሲዳ ታገነፋለች፣ የማሽላ ገንፎ ማለት ነው። ቤዛ ገና አትራመድም፤ በሬ ሲከፈት እየዳኸች ግቢውን አቋርጣ እሷ ደጃፍ ትሄዳለች። አንድ ቀን ፈልጌ ፈልጌ እዚያ አገኘኋት። መሬት ላይ ተቀምጣ አሲዳውን በሁለት እጇ ትሰለቅጣለች። እኔ ቤት አፏን የምትዘጋው ልጅ! ቅናት ነው መሰለኝ የያዘኝ። ኛቻን ላይ ጮህኩ። እኔ ቁርስ ቤት እያለኝ ልጄን የጎረቤት ገንፎ ለምን ታበያለሽ አልኳት። ሰው ሁሉ ሰማ።

እሷ ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም። «እህቴ፣ እኔ አላበላኋትም» አለችኝ። «ራሷ ናት የምትበላው።»

ይህችን ነገር ያኔ ብሰማት ኖሮ። አልሰማሁም። ከዚያን ቀን ጀምሮ በሬን ዘጋሁ። ቂንጬውን በቅቤ አብዝቼ፣ ዳቦውን ወተት ውስጥ ፈትፍቼ ጋትኳት። ሁለት ሳምንት። ሦስት ሳምንት። በአምስተኛው ሳምንት ቤዛ መዳህ አቆመች። ከዚያ መቀመጥ አቆመች። ማልቀስ ትታ ዝም ብላ ታየኛለች። አቤልም መጨረሻ ላይ ዝም ብሎ ያየኝ ነበር።

በሩን ያንኳኳችው ኛቻን ናት። ስድቤን ረስታው አይደለም፣ ፊቷ ላይ አለ። ልጅቷን ከእጄ ወሰደችና በነጠላዋ አዘለቻት። «ኻላስ፣ በቃ፣ አሁን እንሄዳለን» አለች። እሷ በካርድ ክፍል የምትሠራበት ክሊኒክ ከካርቱም የመጡ የሕፃናት ሐኪም አሉ፤ ዶክተር ኢልሃም ይባላሉ።

ዶክተር ኢልሃም መዘኗት። ሰባት ኪሎ ከሁለት መቶ። የጭኗን ቆዳ ቆንጠጥ አድርገው ለቀቁት፣ ሆዷን በጣታቸው መታ መታ አደረጉ። ከዚያ ምን እንደምትበላ በአረብኛ ጠየቁኝ። በዚያች በጁባ አረብኛዬ ቂንጬውን፣ ዳቦውን፣ አጥሚቱን፣ ኮርንፍሌክሱን አንድም ሳላስቀር ዘረዘርኩ። ጎበዝ እናት መሆኔን እንዲያውቁልኝ ነበር። ብዕራቸውን አስቀመጡ። ከቤት ውጭስ አሉኝ። ኛቻን ናት የመለሰችው፣ እኔ ጋ የማሽላ አሲዳ ትበላ ነበር፣ አንድ ቀንም አስመልሳ አታውቅም አለች።

ዶክተሯ በሽታው ሲሊያክ ሊሆን እንደሚችል ነገሩኝ። ስንዴና ገብስ ውስጥ ግሉተን የሚባል ነገር አለ፤ አንዳንድ ሰው ሲበላው የገዛ ሰውነቱ አንጀቱን ያቆስላል፣ የቆሰለ አንጀት ደግሞ ምግብ አይወስድም። አገራቸው ሱዳን ብዙ ልጆች ላይ እንዳዩት ነገሩኝ። በበላች ቁጥር ትራባለች ማለት ነው። በቤተሰብም ይሄዳል አሉ።

እኔ በቤተሰብ ከሚለው በኋላ ያሉትን አልሰማሁም። ስለ አቤል ነገርኳቸው። ሆዱን፣ ሰገራውን፣ ዝም ብሎ ማየቱን። እሱም ያው ነበር ወይ አልኳቸው።

«አላየሁትምና እርግጠኛ ሆኜ አልናገርም» አሉ። «ግን ልዋሽሽ አልፈልግም። ሊሆን ይችላል።»

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። እዚያው። ወንበር ነበር። ኛቻን አነሳችኝ።

የቤዛ ደም ያን ዕለት ተወስዶ ናይሮቢ ተላከ። ደሙ ከተወሰደ በኋላ ስንዴና ገብስ የሚባል እንዳይነካት ታዘዝን። ውጤቱ ሲመጣ ሲሊያክን የሚያሳየው ቁጥር በጣም ከፍ ያለ ነበር። በኢንዶስኮፒ፣ በአፍ በሚገባ ቀጭን ካሜራ፣ ከአንጀት ናሙና መውሰድም አለ፣ ግን ይህች ልጅ በዚህ አቅሟ ማደንዘዣ አትችልም አሉ። ሕክምናው መድኃኒት አልነበረም። ምግብ ነበር። እኔ በሬን የዘጋሁበት አሲዳ ነበር።

በሦስት ወር ውስጥ ቤዛ ሁለት ኪሎ ጨመረች። ቆመች። ግድግዳ ይዛ ሄደች። ከዚያ ጥር መጣ።

ጥር የአቤል ሁለተኛ ሙት ዓመት ነው። ቤት ውስጥ ስንዴ ማስገባት ካቆምኩ ቆይቻለሁ፣ ግን ለልጄ ዝክር ድፎ ሳልደፋ? አልሆነልኝም። ቁርስ ቤቱ ውስጥ ደፍቼ አመጣሁት። ነፍስ አባታችን ጸሎት አድርሰው ቆረሱት። ሁሉም ሲበላ ቤዛ እጇን ዘረጋች። በሕይወቷ ስንዴ ስትለምን ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን አየኋት። ባለቤቴ ደረጀ በዓይኑ ተይ አለኝ። እኔ ግን ለወንድሟ ነፍስ የተቆረሰ፣ ጸሎት የተደገመበት ዳቦ እንዴት ይጎዳታል ብዬ አማተብኩና ቆርሼ ሰጠኋት።

ያን ቀን ምንም አልሆነችም። ድና ነው አልኩ። አቤል ለምኖላት ነው አልኩ። በማግስቱ የተረፈውን በሻይ ሰጠኋት። በሦስተኛው ቀንም።

በሦስተኛው ቀን ማታ ማስመለስ ጀመረች። ተቅማጡ ተከተለ። አልቆመም። ዓይኗ ወደ ውስጥ ገባ። ስጠራት ዞር አትልም። ሆስፒታል ስንደርስ የደም ሥሯ ጠፋ። አንድ ጊዜ ወጓት። ሁለት ጊዜ። ሦስት ጊዜ። በአራተኛው ገባ። ፖታሲየሟ ወርዷል አሉ። ልቧ ሊቆም ይችላል አሉ። ደረጀ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ይዞ ያለቅሳል። እኔ አላለቀስኩም። እግሯን ይዤ ተቀመጥኩ። የአቤልንም እግር እንደዚሁ ይዤ ነበር። ያ ሲቀዘቅዝ አውቄዋለሁ። ይህኛው እንዳይቀዘቅዝ አሸዋለሁ።

ዶክተር ኢልሃም ሲደርሱ ዳቦውን ነገርኳቸው። ዝክሩንም፣ ጸሎቱንም። ይጮሁብኛል ብዬ ነበር። «ዳቦው የተባረከ ነው፣ እሺ» አሉ ቀስ ብለው። «ግን ስንዴ ነው።»

አራት ቀን ተኛን። በአራተኛው ቀን ጠዋት ቤዛ ውሃ አለች። አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም ነው፤ መዳን ቀስ እያለ የሚመጣ ነገር ስለሆነ፣ አንድ ቀን ያበጠው ሆድ ትንሽ ጎድሎ ታያላችሁ፣ ሌላ ቀን ጉንጯ ላይ ጣታችሁ የሚይዘው ነገር ታገኛላችሁ። ድስቱን፣ ማንኪያውን፣ ወንፊቱን ሁሉ ለይቼ አዲስ ገዛሁ፤ ጁባ ውስጥ የሚሸጠው እንጀራ ብዙ ጊዜ ፊኖ ዱቄት የሚቀላቀልበት ስለሆነ ንጹሕ ጤፍ እያስፈጨሁ ራሴ መጋገር ጀመርኩ። ከቁርስ ቤት ስመለስ ቀሚሴን በር ላይ አውልቄ፣ ፊቴንና ፀጉሬን ታጥቤ ነው የማቅፋት፤ እሷም ለምዳው፣ እጇን ዘርግታ በሩ ላይ ትጠብቀኛለች እንጂ አትቀርበኝም። ኮርንፍሌክሱም ለካ በቆሎ ብቻ አልነበረም፤ ዶክተሯ ሳጥኑን አገላብጠው ብቅል የሚለውን ቃል አሳዩኝ፣ ብቅሉ ደግሞ ገብስ ነው። ስለዚህ የራሷን ቁርስ ሠራሁላት፦ ማሽላ በደረቅ ድስት አፈንድቼ፣ የቆሰለው አንጀቷ ወተት መቻል ሲጀምር ወተት አፍስሼበት፣ ሙዝ ከትፌበት። ሲፈነዳ ክዳኑን እየመታ ሲንጫጫ በሳቅ ትንከተከታለች።

ዳቦው ግን አስቸገረኝ። ያለ ስንዴ መጋገር እጄ አያውቅም ነበር። የጤፍና የሩዝ ዱቄት በእንቁላል ለውሼ፣ ድስት ውስጥ አድርጌ፣ ከታችም ከላይም ፍም አድርጌ ጋገርኩ። የመጀመሪያው ተሰነጣጠቀ። ሁለተኛው ደረቀ፣ ደረጀ አንስቶ ለቤት መሥሪያ ይሆነናል አለ፤ ከጥር ወዲህ ቤታችን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቅነው ያን ጊዜ ነው። በአራተኛው የበሰለ ሙዝ ጨፍልቄ ጨመርኩበትና ለሰለሰ። ነፍስ አባታችንም የጤፉ ዳቦ ለዝክር ይሆናል ብለውኛል። አሁን በፈረንጆች 2018 ሊያልቅ ነው፣ ቤዛ አሥራ አንድ ኪሎ ተኩል ሆናለች፣ ግቢውን ትሮጥበታለች፣ ጠዋት የኛቻንን በር የምታንኳኳው እሷ ናት። በሬ ክፍት ነው።

ዶክተር ኢልሃምን እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እውነቱን ስለነገሩኝ፣ ሁለት ጊዜ። ኛቻንን ምን ብዬ እንደማመሰግናት አላውቅም። ይቅርታ ስጠይቃት ማሌሽ፣ ግድ የለም፣ ብላ ትከሻዬን መታ አደረገች፣ አበቃ። እኔ ብሆን እንደሷ አልሆንም ነበር።

እናንተ ደግሞ፣ ልጃችሁ እየበላ ከከሳ፣ መድኃኒት እየወሰደ ተቅማጡ ከተመላለሰ፣ ስለ ሲሊያክ ሐኪም ጠይቁ። ደም ሳይመረመር በራሳችሁ ስንዴ አታቋርጡ፣ ምርመራው ይሳሳታል። ከተረጋገጠ በኋላ ግን አንዲት ቁራሽም አትስጡ፣ የበዓልም ቢሆን፣ የዝክርም ቢሆን። ቁርባኑም የስንዴ ነውና ስለ እሱ ከነፍስ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩ። የሳጥኑን ጽሑፍ አንብቡ፣ ማንበብ ካልቻላችሁ አስነብቡ። ጎረቤት የሚነግራችሁን ስሙ።

ከሁሉም በላይ ልጅ አትጋቱ። ቤዛ አሁን ማንኪያውን ራሷ ትይዛለች፤ ቁርሷን አቀርብና እጄን አጣጥፌ እቀመጣለሁ። ስትጠግብ አፏን ትዘጋለች፣ እኔም ሳህኑን አነሳለሁ። ልጅ አፉን ሲዘጋ የሚያውቀው ነገር ይኖራል። አቤልም አፉን ይዘጋ ነበር። የከፈትኩት እኔ ነኝ።