ከፏፏቴው በላይ የተሰረዘው መንገድ

መስከረም 11 ቀን 1989 ዓ.ም. የምሠራበት ቢሮ ከአሶሳ ራቅ ብሎ በሚገኝ ደን ውስጥ የሚያልፍ አንድ የእግር መንገድ ከክልሉ አዲስ ካርታ ሰረዘ። ምክንያቱ በአንድ ዐረፍተ ነገር ተገልጿል፦ «ከትልቁ ፏፏቴ በላይ ያለው መሻገሪያ የማይታለፍ ሲሆን፣ ሰው ስለመጠቀሙም ምልክት አልተገኘም።» ዐረፍተ ነገሩን የጻፈው ሦስት ሰዎች ያሉት አጥኚ ቡድን ነው። ከሥሩ ያለው ፊርማ ግን የእኔ ነው። በሁለት አገሮች ስለ ደን ተምሬ ዶክተር የተባልሁ ሴት፣ ያላየሁትን መንገድ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ሰረዝሁ።

ክልሉ አዲስ ነው፤ ካርታውም የመጀመሪያው ነው። አዋላጅ ነርስ በየወሩ የምትላከው በካርታው ላይ መንገድ ወዳላቸው መንደሮች ብቻ ነው። ከሳምንት በኋላ ሐዋ የምትባል፣ ዕድሜዋ ወደ ሃምሳ የተጠጋ የበርታ ሴት ቢሮአችን ድረስ መጣች። ልጇ ዘይነብ ከፏፏቴው ማዶ ባለ መንደር ትኖራለች፤ ኅዳር ላይ ትወልዳለች። ሐዋ ነርሷ መቼ እንደምትደርስ ጠየቀች። የቡድኑ መሪ ወደዚያ መንገድ እንደሌለ ነገራት።

«መንገድ የለም?» አለች። «እኔ ልጄ ጋ የምሄደው በምንድን ነው? ክንፍ አለኝ?»

ሰዎቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። የሁለት ቀን ፈቃድ ጠይቄ፣ መንገዱን እንድታሳየኝ ከሐዋ ጋር ተቃጠርሁ።

መስከረም 21፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት

ጨውና ሳሙና በጫነ አይሱዙ ላይ፣ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጬ ከአሶሳ ወጣሁ። ዝናቡ ገና አልለቀቀም። መንገዱ ቀይ ጭቃ ነው፤ መኪናው በየዳገቱ ወደ ጎን ይንሸራተታል። ሾፌሩ ደጋግሞ እግሬን አየ።

«እትዬ፣ ጫማዎ ለቢሮ ነው ለጭቃ?»

«ለሁለቱም።»

«እንዲያ ያለ ጫማ አልተሠራም» አለኝ። ልክ ነበር።

ከሁለት ሰዓት በኋላ ሐዋ ከመንገዱ ዳር፣ ከአንድ ማንጎ ዛፍ ሥር ቆማ አገኘኋት። በእጇ ጢስ ያጠቆራቸው ሁለት የቀርከሃ ዱላዎች ይዛለች። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋዋ ነው፤ ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» ትላለች። የሰው ስሕተት ማረም የኑሮዬ ሥራ ሆኖ ሳለ፣ ይህን ላርም አንድ ጊዜ እንኳ አልፈለግሁም።

ሦስት ሰዓት

ደኑ የሚጀምረው በቀርከሃ ነው። ግንዶቹ እጅግ ከመጠጋጋታቸው የተነሣ ሰው የሚያልፈው ትከሻውን አግድሞ ነው። ከዚያ ሸክላ አፈር ያለበት ቁልቁለት ይመጣል፤ በየመካከሉ የዛፍ ሥር ያቋርጠዋል። ሦስት ጊዜ ወደቅሁ። ከሦስተኛው በኋላ ሐዋ ከኋላዬ መሆኗን ትታ ወደ ፊት አለፈች፤ ቁልቁለቱን ፊቷን ወደ እኔ አዙራ እየወረደች፣ ባዶ እግሯን በጭቃው ላይ ተክላ የእኔን ጫማ በእሷ እግር ላይ እንዳሳርፍ አደረገች።

«ያምሻል» አልኋት።

«አንተ ቀላል ነህ። ዘይነብን ተሸክሜ ወርጃለሁ፤ እሷ ታለቅስ ነበር። አንተ አታለቅስም።»

ከትንሹ ፏፏቴ አጠገብ አረፍን። ቁመቱ ከሁለት ሰው አይበልጥም፤ ፍንጣቂው ግን ልብሳችንን አራሰው። ሐዋ በቅጠል የጠቀለለችውን የማሽላ ገንፎ ከባሚያ ወጥ ጋር አቀረበች፤ ከጀሪካን ከርከዴ የተባለውን ቀይ የአበባ መጠጥ ቀዝቃዛውን ቀዳችልኝ። ከገንፎው መካከል ያለውን፣ ወጡ በደንብ የገባበትን፣ ያየሁ ሳይመስላት ወደ እኔ ገፋችው። ይህን ያደረገልኝ ሰው ካየሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል።

ስድስት ሰዓት ተኩል

ትልቁ ፏፏቴ ከመታየቱ በፊት በደረት ይሰማል። መሻገሪያው ከበላዩ ነው። ውሃው ገደሉ አፍ ላይ ሳይደርስ በለስላሳ ጥቁር ድንጋይ ላይ ተንጣሎ ይፈስሳል፤ ጥልቀቱ እስከ ጉልበት ነው። ዱላ የሌለው ሰው አይሻገረውም።

በዚህ ወንዝ ዱላ የማንም አይደለም። ተሻጋሪው ከአንዱ ዳር ያነሣል፣ በሌላው ዳር ያስቀምጣል፤ ከወዲያ የሚመጣው ያንኑ ይዞ ይመለሳል። ዝናብ እንዳያገኛቸው በወዲህ በኩል የሚቀመጡት እንደ ጣሪያ ከተዘረጋ ድንጋይ ሥር ነው። እርጥብ ቀርከሃ ይለመጣል፤ ስለዚህ ዱላው ቢያንስ አንድ በጋ የደረቀ መሆን አለበት።

ከድንጋዩ ሥር ዱላ አልነበረም። አመድ፣ የሰርዲን ቆርቆሮና የሻይ ቅጠል ነበር። ከአመዱ ዳር ያልነደዱ ጫፎች ለቀምሁ፤ ዐሥራ አንድ ናቸው። ሁሉንም በአንድ በኩል የወንዙ ድንጋይ ሞርዶ አሹሏቸዋል። እንዲህ ለመሾል ዓመታት ይፈልጋሉ።

«ካርታ የሚሠሩት ናቸው» አለች ሐዋ። «ዝናብ ነበር፣ በርዷቸዋል። ደረቅ እንጨት አገኙ፣ አነደዱ።»

«አልተናደድሽም?»

«ያን ሳምንት ሰው ሁሉ ከዚህ ተመለሰ። እኔም ተመለስሁ። ተናድጃለሁ፣ ወላሂ። ግን በርዷቸው ነው።»

እኔ ይህን ያህል ርኅራኄ የለኝም። ቡድኑ መሻገሪያውን በእጁ አንድዶ ሻይ አፈላበት፤ መሻገር ሲያቅተው «የማይታለፍ» ብሎ ጻፈ። ምልክት አልተገኘም ያለው ምልክቱን ከሞቀ በኋላ ነው።

ያን ጊዜ በእጇ ያሉትን ዱላዎች አስተዋልሁ። ጢሱ የምድጃ ጢስ ነው፤ ከቤቷ ጣሪያ ነቅላቸዋለች።

«ጣሪያሽስ?»

«ያፈሳል። ልጄ ትበልጣለች።»

አንዱን ሰጠችኝ። በአንድ እጄ ዱላውን፣ በሌላው የእሷን መቀነት ይዤ ተሻገርሁ። ወደ ግራ እንዳላይ አስጠነቀቀችኝ፤ አየሁ። ምድር ያለቀች ይመስላል።

ማዶ ዘይነብ ከመንደሩ ጫፍ ላይ ቆማ ጠበቀችን። ሐዋ ሰላም አላለቻትም፤ ጭቃ ያለበትን እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ከልጇ ሆድ ላይ አሳረፈች፣ ፅንሱ እስኪንቀሳቀስ ድረስም አላነሣችውም። ዘይነብ ወደ እኔ ዞራ፣ «ነርሷ አንቺ ነሽ?» አለችኝ። አይደለሁም አልኋት። ዲግሪዎቼ ምንም ያህል ቢሆኑ ለዚያች ሰዓት የሚረባ ነገር አልያዝሁም ነበር።

መስከረም 22

በማግሥቱ ተሻግረን ተመለስን። ከትንሹ ፏፏቴ አልፈን ዳገቱን ስንጀምር ሐዋ ቆመች፤ እጄን አየች። ዱላው ከእኔ ጋር ነው። መንገዱ ስለሚያንሸራትት ሳላስብ ይዤው መጥቻለሁ።

«ዶክተር፣ አንተም ሻይ ልታፈላበት ነው?»

የሷ ከድንጋዩ ሥር ቀርቷል። ወደ ኋላ ተመለስሁ፤ በጭቃው ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀብኝ። ዱላውን ከእሷው ዱላ ጎን አጋደምሁት፣ አምስት ጊዜ እየወደቅሁ ወጣሁ። እዚያው ዳገት ላይ ተቀምጣ ስትጠብቀኝ አገኘኋት፤ የቀረችውን ከርከዴ ሳትቀምስ አቆይታልኛለች።

አመሻሹ ላይ አሶሳ ገባሁ። ቡድኑን የምከስሰውን ያህል ራሴን እከስሳለሁ፤ እነሱ የሰው ዱላ አነደዱ፣ እኔ ፊርማዬን አኖርሁበት፣ ሁሉን ካወቅሁ በኋላ እንኳ አንዱን ይዤ ልሄድ ነበር። ከዚህ ጉዞ የተማርሁት፣ ሰው በመንገድ ማለፉ የሚታወቀው ለሚከተለው ባስቀመጠው ነገር መሆኑን ነው።

ፊርማዬን ዛሬ፣ መስከረም 23፣ በጽሑፍ አንሥቻለሁ። ዐሥራ አንዱም ጫፎች በቢሮው ኃላፊ ጠረጴዛ ላይ ናቸው። ማብራሪያም ይቅርታም አልጠይቅም። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ መልሱም ከጥቅምት 15 በፊት በጽሑፍ ይሰጠኝ፦ መንገዱ ወደ ካርታው ተመልሶ ነርሷ ዘይነብ ከመውለዷ በፊት ማዶ ትሻገራለች፣ ወይስ አትሻገርም?