አያ ያጠፉት ጉም

የጉምን ያህል ያበሸቀኝ ነገር የለም፤ ወንድሜን አያን ካልቆጠርን።

አያ ታላቄ ናቸው። አምባ ጊዮርጊስ የሚኖሩ ቄስ ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያን ሥዕልም ይሥላሉ። እኔ የትምህርት ቤት ደጅ ረግጬ አላውቅም። ቡሩሽ አያያዝን ቀለም ስበጠብጥላቸው እያየሁ ለመድኩት፤ ፊደሉንም ከሥዕሎቹ ግርጌ ከሚጽፉት ለቀምኩት። ሥርዓታቸው ጥብቅ ነው። ሁሉም ነገር በጥቁር ይከበባል። ጻድቅ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ይሣላል፤ ሰይጣንና ክፉ ሰው በጎን፣ በአንድ ዓይን። እኔ ደግሞ የምሥለው ተራራ ነው። “ሰው የሌለበት ሥዕል ምን ይባላል?” ይሉኛል እስካሁን።

አንድ ቦታ አልረጋም። ከጎንደር ወዲያ ፀዳ፣ ታላቅ እህታችን እትየ ዘንድ ስሰነብት፣ አያ ቤት ስሰነብት፣ ከአፋፍ አፋፍ ስዞር ዓመቱ ያልቃል። እትየ ግን እግሯ ከከዳት ወዲህ ከአልጋዋ አትወርድም። ክረምቱ ሲገባ፣

“የተወለድንበትን አፋፍ ሳላየው ልሞት ነው” አለችኝ።

በስልክ የተነሳ ፎቶ አሳየኋት።

“ይህማ በጋ ነው። እኔ የምልሽ የክረምቱን ጠዋት ነው። ጉሙ ከቆላ ሲወጣ፣ ተራራው ትከሻው ብቻ ሲቀር። እሱን አምጪልኝ።”

“ጉም ተሸክሜ ልምጣ?”

“ሥለሽ ነዋ!”

ሸራዬን ይዤ አምባ ጊዮርጊስ አፋፉ ላይ ወጣሁ። ይኸው ሥቃዬ። ጉሙ ሲከፈት ቡሩሽ አርሳለሁ፤ ቀና ስል ተዘግቷል። ነጩን ስበጠብጥ ተራራው ወለል ብሎ ይወጣል። በረዶ መጣና ሰማዬን ነጠብጣብ አድርጎት ሄደ። ንፋሱ ጥላዬን ገለበጠው። አህያ የምትነዳ ሴት አጠገቤ ቆመች።

“እማማ፣ ምን ጠፍቶብዎት ነው?”

“ተራራ እየሣልኩ ነው፣ ልጄ።”

“ከጉሙ ኋላ ነው እኮ! ምነው እስኪገለጥ ቢቆዩ?”

“ከተገለጠማ ምኑን እሥለዋለሁ?”

አማተበችና አህያዋን መታ መታ አድርጋ ሄደች።

አንድ ጠዋት ግን ጉሙ ራራልኝ። ሊገነፍል እንደደረሰ ወተት ከገደሉ ቀስ እያለ ተነሳ፤ የተራራው ትከሻ ብቻ ከላዩ ቀረ። እጄ ከእኔ ቀድሞ ሠራው። አያ ቤት አምጥቼ እንዲደርቅ ግድግዳው ላይ አስደገፍኩና ለእትየ ማር ልገዛ ገበያ ወጣሁ።

ስመለስ አያ ደጃፉ ላይ ቆመዋል። ጺማቸው ላይ ሰማያዊ ቀለም አለ።

“እንኳን መጣሽ! ጨረስኩልሽ።”

ገብቼ አየሁ። ጉሜ የለም፤ በቦታው ገደሉና የተወለድንበት የአባባ ቤት ተሥለዋል። እያንዳንዱ ጫፍ በጥቁር ተከቧል፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ሰማያዊ ሆኗል፤ ጥጉ ላይ ፊት ያላት ፀሐይ ሁለት ዓይኗን አፍጥጣ ታየኛለች።

“አያ! ጉሙን ምን አደረጉት?”

“የቱን ጉም?”

“ነጩን!”

“እሱማ ገና ያልተቀባ መደብ መስሎኝ። የሸራውን እኩሌታ ባዶ ትተሽው ስትሄጂ፣ ደከማት ብዬ አዘንኩልሽ።”

“ፀሐይስ? በክረምት ጠዋት?”

“ለእትየ ብርሃን ይሁናት ብዬ። ሸጋ አልሆነም?”

ታላቄን፣ ያውም ቄስ፣ ምን እላለሁ? እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ወጣሁና ዶሮዎቹ ላይ ጮህኩ።

በማግሥቱ እንደገና ልሥለው አፋፉ ላይ ወጣሁ። ሰማዩ ብራ። ከዚያም ወዲያ ብራ። ያ ሁሉ ዝናብና ጉም ጓዙን ጠቅልሎ ሄዷል። እትየ ደግሞ፣ “አልደረሰልሽም?” እያለች በስልክ ትጨቀጭቀኛለች። ድምፅዋ ደክሟል። ሸራውን ጠቅልዬ ማኪና ተሳፈርኩ፤ ጎንደር እስክደርስ አያን በልቤ ስሰድብ።

ፀዳ ደርሼ ዘረጋሁላት። ብዙ አየችው።

“ይህን ተራራ ማን አስደነገጠው?”

ነገርኳት። እስኪያስላት ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመ።

“ስለዚህ ጉሙን አላየውም” አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ያኔ ከፋኝ። ከቦርሳዬ ነጩን ቀለም አውጥቼ በውኃ አቀጠንኩና አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

“እትየ፣ የት ድረስ ነበር የሚወጣው?”

ሆን ብዬ ከላይ ጀመርኩ። ዘወር ብላ አየችኝ።

“እንዲያ አይደለም! ከገደሉ ሥር ነው የሚነሳ። ቀስ በይ። ንፋሱ በግራ ነው የሚመጣ፣ ረሳሽው? የአባባን ቤት ሸፍኚው፤ ጠዋት ጠዋት አይታይም ነበር።”

እያዘዘችኝ ሸፈንኩ። የአያ ጥቁር መስመር ከነጩ ሥር ደብዘዝ ብሎ፣ አለሁ የለሁም እያለ ቀረ። ፀሐይቱ ዘንድ ስደርስ እትየ እጄን ያዘችኝ።

“አንድ ዓይኗን ተዪላት።”

“አያ ያብዳሉ እኮ!”

“ይበድ። ጉሜን ማን አጥፋ አለው?”

ተውኩላት። እትየ ሸራውን አየችው። “ይኸው መጣ” አለችና እጆቿን ብርድ ልብሱ ውስጥ ሸጎጠች።

ለመስቀል አያ ሊጠይቋት መጡ። ሥዕሉ ፊት ቆመው ቀሩ።

“ፀሐይቱን ሰይጣን አደረጋችኋት!” አሉ፤ ወዲያውም ዓይናቸው ቤቱን መቃኘት ጀመረ። “ቡሩሽሽ የት ነው ያለው?”

“እንዳትሰጭው!” አለች እትየ።

ቀድሜ ነጠላዬ ሥር ደብቄው ነበር።